ኃያል አገር በላስታ በኩል ስታልፍ

ኢትዮጵያ ልዕለ ኃያል አገር ነበረች፣ ተመልሳም ትሆናለች የሚለው ንግግር ዛሬ ከቴሌቪዥን መድረክ እስከ ሠርግ ቤት ድረስ ይሰማል። የሚቀርበው ማስረጃም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሃይማኖት መሥራች ማኒ አክሱምን ከሮም፣ ከፋርስና ከቻይና ጋር ከአራቱ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አንዷ አድርጎ መቁጠሩ ይጠቀሳል። ቀጥሎ ላሊበላ ይነሣል፤ ከዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት። ቀጥሎ ዓድዋ። ከዚያ ወደ ዛሬ ይመጣና ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለን፣ ጦር አለን፣ የጎደለን ባሕር ብቻ ነው ይባላል። ባሕሩ በተገኘ ማግስት ሌላው ሁሉ ራሱን የሚያቃና ይመስል።

ይህን አስተሳሰብ በሙሉ ልቤ እቃወማለሁ። ለአገር ታላቅነትን መመኘት ነውር የለበትም፤ እኔም እመኛለሁ። ችግሩ አስተሳሰቡ ፍሬውን ሥር አድርጎ ማየቱ ላይ ነው። ጦርና ባሕር ኃያል የሆነ አገር በጊዜው የሚያገኛቸው ነገሮች ናቸው። ኃያልነት ራሱ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው፤ አገር ሕዝቧን በክፉ ቀን መመገብ ስትችል፣ የሠራችውን ሳታቋርጥ ስትጠግን፣ ገበሬው እህሉን ነጋዴውም ገንዘቡን አምኖ ሲያወጣላት። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የላስታ ደጋ ኃያልነትም ውድቀትም በደጃፉ ሲያልፍ አይቷል።

በላስታው ላሊበላ እንጀምር፤ ተከራካሪዎቼ አዘውትረው የሚጠሩት ምስክር እርሱ ነውና። ቤተ ጊዮርጊስን ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ነው። ቆየት ብሎ ያስተዋለ ግን ሌላም ያያል፤ የጣሪያው ውኃ የሚወርድባቸውን አሸንዳዎች፣ ዝናቡን ከግቢው የሚያወጣውን ቦይ። 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች የፈለፈለው ባለሙያ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ኩሬ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ስለ መስቀሉ ያሰበውን ያህል ስለ ጎርፉም አስቧል። ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ በተሻለ ይዞታ ላይ የቆየው አንድም በዚህ ነው።

መላእክት ሌሊት ሌሊት ያግዙ ነበር የሚለውን የአባቶች ትውፊት አከብራለሁ። ቀን ቀን መሮና መጥረቢያ ይዘው የዋሉት ግን ሰዎች ነበሩ፤ ሰው ደግሞ ይበላል። ድንጋይ የሚጠርብ ሰው አያርስም። የእርሱን ገብስ የሚያርስለት ገበሬ፣ ገብሱን ጭኖ ዳገት የሚወጣ አህያ ነጂ፣ የደነዘ መሮ የሚያሹል ቀጥቃጭ፣ ቀለቡን የሚያከፋፍል ሹም ያስፈልጋል። ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይ እንኳ ተጓጉዞ የተከመረበት ቦታ አለ፤ አርኪዮሎጂስቶች ክምሩን አካባቢው ላይ አግኝተውታል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ ምን ያህል ጦር እንደነበረው ድንጋዩ አይነግረንም። የሚነግረን ደጋው ትርፍ እህል እንደነበረው፣ የሠለጠነ እጅ እንደነበረው፣ ያንን ለረጅም ዓመታት ያስተባበረ አስተዳደር እንደነበረው ነው። ታላቅነታችንን ለማስረዳት ላሊበላን የሚጠራ ሰው እህሉን ከቆጠራው ውስጥ ማስወጣቱ ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑ ከዛግዌ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲያልፍ የመንግሥቱ ማእከል ወደ ደቡብ ሄደ። ቅዳሴው ግን አልሄደም። ካህናቱና መሬታቸው ስለነበሩ፣ አገልጋይ ሲሞት ተተኪ ስለነበረ፣ ቦዩን የሚጠርግ ስላልጠፋ ስምንት መቶ ዓመት ዘለቀ። ያ መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከሌላው የገጠር መሬት ጋር የመንግሥት ሆነ። የጉልት ሥርዓት ይመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ጭሰኛው ላይ የነበረው ግፍ መቆም ነበረበት። ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናቱን ሲጠብቅ የኖረው ገቢ ሲወሰድ፣ በምትኩ ጥገናውን በቋሚነት የሚሸከም ምንም ነገር አልተተከለም። ወደዚህ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 1860 ዓ.ም. እንለፍ። በዚያ ዓመት የዘመኑ ልዕለ ኃያል ራሷ በዋግና ላስታ በኩል አልፋለች። ብሪታንያ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሩባትን ሰዎች ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደር ዙላ ላይ አወረደች። ከባሕሩ እስከ ዐፄው ምሽግ መቅደላ ያለው መንገድ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰንዓፌ፣ በዓዲግራት፣ በአሸንጌ አልፎ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዋድላና ደላንታ ይወጣል። ታሪኩ ሲተረክ የመድፉና የጠመንጃው ነገር ይጎላል። ዝርዝሩን ላየ ሰው ግን የሚያስደነግጠው ስንቁ ነው። ዙላ ላይ በቂ የሚጠጣ ውኃ አልነበረም፤ መርከቦቹ የባሕሩን ውኃ አፍልተው፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ለሰውም ለከብትም አጠጡ። ከወደቡ እስከ ተራራው ሥር የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። መድፉን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አመጡ። የደጋው ገበሬ ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ በቀር ሌላ ገንዘብ እንደማይቀበል ስላወቁ ቪዬና ድረስ ልከው አዲስ ጠገራ አስመቱ። በየመንገዱ እህልና ገለባ ገዙ፣ ከፈሉም። ገበሬውም ገብሱን ጭኖ ራሱ ወደ ሰፈሩ ወረደ። ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ፤ ለንደን ያለው ፓርላማ ተሰብስቦ ግብር ጨመረና ከፈለው።

በወዲያኛው ወገን ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። እንደማንኛውም ያገሬ ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን የምጽፈው በኀዘን ነው። አውሮፓን ኃያል ያደረጋት መድፍ ነው ብለው አመኑ። ጋፋት ላይ የነበሩትን ሚስዮናውያን አስገድደው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ ሴባስቶፖልን አሠሩ። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው፤ መንገዱን እየቀየሱ፣ ገደሉን እየናዱ፣ ራሳቸውም ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እያነሡ። በእነዚያ ወራት ሠራዊታቸው በየሌሊቱ እየከዳ ይመናመን ነበር። ገበሬው በዘረፋ ተማርሯል፤ ባላባቱ ሸፍቷል፤ ዋግንና ላስታን የያዙት ዋግሹም ጎበዜ ለእንግሊዝ ጦር መንገዱን አልዘጉም። ቴዎድሮስ መድፍ ነበራቸው። ያጡት እህሉን በፈቃዱ የሚያወጣላቸውን ገበሬ ነው። በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ የተደረገውን ውጊያ ሴባስቶፖል አልለወጠውም፤ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ዘራፊዎችን ታወድሳለህ የሚለኝ አይጠፋም። አላወድስም። መቅደላን ዘርፈዋል፣ አቃጥለዋል፤ ታቦቶቻችን ዛሬም ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቆልፎባቸዋል፤ መመለስ አለባቸው። የኔ ጥያቄ ግን ያን ጦር ከባሕር እስከ መቅደላ ያደረሰው ምንድን ነው የሚል ነው። ከዘፈንና ከሐውልት አልፈን ይህን ብናጠናው ኖሮ ብዙ በተማርን ነበር።

አለማጥናታችን ወዲያው ዋጋ አስከፈለን። ከቴዎድሮስ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘውም በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ የሚስታቸውን ወንድም ደጃዝማች ካሣን ገጠሙ። ካሣ ናፒየርን በእህልና በመንገድ ስለረዱ መድፎችና ከስምንት መቶ በላይ ጠመንጃ ተበርክቶላቸው፣ ወታደራቸውንም ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ አሠልጥኖላቸው ነበር። ብዛቱ ተሸነፈ። የላስታና የዋግ ሰው ዙፋን ያጣው መንገደኛ ጥሎት በሄደው መሣሪያ ነው። የሕዝብ ብዛታችንን እንደ ጦር መሣሪያ ለሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ቀን ማስታወስ እወዳለሁ።

ዓድዋስ ይሉኛል። ዓድዋ እጅግ የምኮራበት ቀን ነው፤ የዋግ ሰዎችም በዋግሹም ጓንጉል ሥር ሆነው ከዘመቱት መካከል ነበሩ። ግን ዓድዋን ያሸነፈው ባዶ ወኔ ነው የሚለው ትርክት የዐፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን ሥራ ያሳንሰዋል። አገሪቱ ክፉ ቀን ከሚባለው፣ ካራቆታት ረሃብ ገና መውጣቷ ነበር። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሐረር የመጣን ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ለወራት ስንቁን አሟልቶ ሰሜን ድረስ ማድረስ፣ በየመንገዱ ጎተራ ማዘጋጀት፣ መቀሌ ላይ የምሽጉን ውኃ መዝጋት፣ ይህ ሁሉ የአስተዳደር ሥራ ነው። ድንበሩም ታይቷል። ውጊያው በተደረገበት ሰሞን ስንቁ እያለቀ ነበር፤ ጣልያን ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ጦሩ ሊመለስ ነበር። ከድሉ በኋላም ወደ አሥመራ አልተገፋም። ጀግንነቱ ያልደረሰበት ቦታ እህሉ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን ዳግም ሲወር ጀግንነቱ ከማይጨው ጦር ሜዳ አልጎደለም፤ ከሰማይ በሚረጭ መርዝ ላይ ግን ወኔ አይበቃም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ዋና ከተማቸው ከመመለሳቸው በፊት ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። ከዚያ ጄኔቭ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። የሰማቸው አልነበረም።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚከብደው ምስክር ግን 1977 ዓ.ም. ነው፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች ያዩት ነውና። ዛሬ ኃያል ያደርገናል የሚባለው ነገር ሁሉ ያኔ ነበረን። ባሕር ነበረን፤ ምጽዋም አሰብም የኛ ነበሩ፣ የባሕር ኃይልም ነበረን። ጦራችን ከሰሃራ በታች ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው ይባል ነበር። ከሁለቱ የዓለም ልዕለ ኃያላን አንዷ ወዳጃችን ነበረች፤ ሚግና ታንክ ያለ ቁጥር ልካልናለች። መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ሰልፍ ተከበረ። በዚያው ወር የወሎ ገበሬ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ይወርድ ነበር፤ ከላስታም ከዋግም ከራያም። በጥቅምት ወር የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ደርሶ ያሳየውን ዓለም እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የኢትዮጵያ ስም በብዙ አገር ከዚያ ሥዕል ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ወዳጃችን ሶቪየት ኅብረት አውሮፕላንና የጭነት መኪና ላከች። እህሉ ግን በአብዛኛው የመጣው ከምዕራቡ ወገን ነው፤ ሞስኮ ራሷ በዚያ ዘመን በአሥር ሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር እህል ከአሜሪካና ከካናዳ ትገዛ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ያ ልዕለ ኃያል መንግሥት ፈረሰ። የኑክሌር መሣሪያውን እንደታጠቀ ፈረሰ።

እዚያው ዘመን ላይ ልብ የማንለው ሌላ ነገር ተከናውኗል። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛውን ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አንሥቶ፣ አንድም ቦታ ሳያሳርፍ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አብርሮ አዲስ አበባ አሳረፈ። በሁለት ሞተር ለሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ረሃብተኛው ወሎና ያ አውሮፕላን የአንድ አገር፣ የአንድ መንግሥት ዘመን ናቸው። ልዩነታቸው የት ነው? አየር መንገዱ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ አብራሪና መካኒክ ሲያስተምር፣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም፣ ሒሳቡን ሲያወራርድ የኖረ ድርጅት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የጥገና መጽሐፉ አልተቀደደም። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለ ድርጅት አልነበረውም።

ልዕለ ኃያልነት ዛሬ በላስታ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሰኔ 2015 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እርዳታው ለታሰበለት ሰው ሳይደርስ እየተመዘበረ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ስርጭታቸውን አቆሙ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ወራት ቆይቶ ስርጭቱ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በሌላ ክፍለ ዓለም ያለ ቢሮ ሲወስን የደጋው ሰው ጓዳ ይጎድላል፤ ይህን ማድረግ የሚችል አገር ነው ልዕለ ኃያል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም 20 ዓመት አልፎት የላስታ ገበሬ ገና ከእርዳታ አልወጣም። እህሉን ማን መዘበረ የሚለው ጥያቄም ከባሕር በር ጥያቄ ያነሰ የሉዓላዊነት ጥያቄ አይደለም፤ ለኔ እንዲያውም ይበልጣል።

የገንዘቡም ነገር ያው ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ስዊዝ ቦይ ላይ በጦር ሜዳ አልተሸነፈችም። አሜሪካ ፓውንዷን አልደግፍም ስትላት ጦሯን አስወጣች፤ ናፒየርን የላከው ኃያልነትም በዚያ ሰሞን ማብቃቱን ዓለም አወቀ። እኛ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ የሆነውን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳንከፍል ቀረን። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው አለ፤ ይሁን። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅትም ብድር ተገኘ። ወለዱን ሳይከፍል ቀርቶ ከአበዳሪ ጋር የሚደራደር አገር ስለ ልዕለ ኃያልነት ሲያወራ የሚሰማው አበዳሪ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

ለክርክሬ ተቃራኒ ሆኖ የሚቀርብልኝ ሌላው ነገር ሕዳሴ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ኃያልነት አይደለምን ይሉኛል። ነው፤ የኔን ነገር ነው የሚያስረዳው። ግድቡ የቆመው አስተማሪው፣ ዘበኛው፣ የጉሊት ነጋዴዋ ቦንድ ገዝተው ጭምር ነው፤ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሥራው ስላልተጣለ ነው። ሕዝብ አምኖ ያወጣው ገንዘብና 14 ዓመት የዘለቀ ሥራ ያመጣውን ያየ ሰው፣ ከዚያ ይልቅ ለምን በጦርነት ታላቅ ልሁን እንደሚል አይገባኝም። ጦርነትማ አይተነዋል። ላሊበላ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። ለብዙ ወራት መብራት አልነበራትም፤ ሆቴሎቿ ባዶ ቀሩ፤ አስጎብኚው ሥራ ፈታ። ትንሽ ሳታገግም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ግጭት መጣባት። በነዚህ ዓመታት የተቃጠለው ጥይት የማን ይሁን የማን፣ ዋጋውን የከፈለው አንድ አገር ነው።

ወደ ጥገናው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ላሊበላ ዛሬ በከፊል የቆመው ከላዩ በተተከሉ ትላልቅ ነጭ መጠለያዎች ሥር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲሠሩ ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ። ጊዜው አልፎ መጠለያዎቹ ራሳቸው ስጋት ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. መባቻ የከተማው ሕዝብ ቅርሳችንን አድኑልን ብሎ በሺዎች ሆኖ ሰልፍ ወጣ። በመጋቢት ወር የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አዩ፤ አገራቸው በጥናቱና በጥገናው ልትሳተፍ ቃል ገባች። እርዳታውን አመሰግናለሁ፤ ከውጭ ባለሙያ ጋር የሠለጠኑት የአካባቢው ጠራቢዎችና ጠጋኞች ትልቅ ሀብት ናቸው። ግን ከዐለት 11 ቤተ መቅደስ የፈለፈለ ሕዝብ፣ ስንጥቁን ለመድፈንና ጣሪያውን ከዝናብ ለመከለል የውጭ መንግሥታትን በጀት መጠበቁ ያመኛል። ታላቅ ነበርን የምንልበት ማስረጃ ራሱ፣ ምን እንዳጣን በየክረምቱ እየነገረን ነው፤ ያጣነውም ጦር አይደለም።

ለጥገናው የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ታንክ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ይመስለኛል። በላሊበላ ቋሚ የድንጋይ ጥገና ትምህርት ቤት ይከፈት፣ ቋሚ በጀት ይመደብለት። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ ተከዜ መነሻ ያለው የተሸረሸረ መሬት እርከኑ ይታደስ። በየወረዳው የመጠባበቂያ እህል ይከማች፣ ቆጠራውም በየዓመቱ ለሕዝብ ይነበብ። ለገበሬው ማዳበሪያው በወቅቱ ይድረሰው። ልዕለ ኃያል እንሆናለን የሚል ባለሥልጣን፣ ሰባኪ ወይም ተንታኝ ሲገጥማችሁ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቢቀር የላስታ ሰው የሚበላው እህል የት እንደተከማቸ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ቦይ በማን በጀት ማን እንደሚጠርግ ጠይቁት። የሚያሳምን መልስ ከሰጣችሁ አብራችሁት ቁሙ፤ ካልሰጣችሁ ግን ልጆቻችሁን ለጦርነት አትስጡት።